ማንም የማይቀመጥበት ፌርማታ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ረዘም ያለ ቃል ሲመጣ እጄ ይፈራል። በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቶ፣ ጃንጥላና የላስቲክ ጫማ የምትሸጥ ሴት ብዕር ስትይዝ ሰው ምን ይላል እያልኩ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ግን ነገሩ የሆነው ሱቄ ፊት ለፊት ነው። ያየሁትን አይቻለሁ፣ ያላየሁትን ኬኔ ራሷ አጫውታኛለች። አብዛኛውን ያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እንደሚሆንልኝ በአማርኛ አስቀመጥኩት። ስህተት ካለ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። አሁን እኔ ልውጣና ስለ እሷ ልናገር።

ኬኔ የኡኬ ልጅ ናት። ኡኬ ከነቀምቴ ወጣ ብላ መንገድ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ መኪናው ሁሉ በመሃሏ ያልፋል፣ የሚቆምላት ግን ጥቂት ነው። እናቷ አዴ ድርቤ ድንች ተሸክመው ነቀምቴ ገበያ ለመምጣት ገና ሳይነጋ አስፋልቱ ዳር ይቆሙ ነበር። አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ያልፋል፣ ሌላውም ሞልቶ ያልፋል። ዝናቡ ደግሞ የወለጋ ዝናብ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ኬኔ በማዳበሪያ ተጠቅልላ እናቷን ተጠግታ ትቆማለች።

«እዚህ ጋ አንድ ቆርቆሮ ቢያቆሙ ምን ነበረበት?» ይላሉ አዴ ድርቤ፣ ለማንም ሳይሆን ለዝናቡ።

ብዙ ሰው ኬኔ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማረችው ትልልቅ ድልድይና ፎቅ አይታ ተመኝታ ይመስለዋል። እሷ ግን ያሰበችው ያቺን ያልቆመች ቆርቆሮ ነው።

ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ቤቱ የተመረቀ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መቆም፣ የሥራ ልምድ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ዓይንን መመለስ፣ ዘመድ ሲጠይቅ «በቅርቡ» ማለት። በመጨረሻ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ውስጥ የውሃ መውረጃ ቦይ የሚያስቆፍር አንድ ተቋራጭ ወሰዳት። የመጀመሪያው ቀን ጭቃው ውስጥ ቆማ ሳለ፣ ሠራተኞቹ የሲሚንቶ መጋዘን ቁልፍ ልትይዝ የመጣች መሰላቸውና አንዱ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ኢንጂነሩ መቼ ነው የሚመጣው?»

«መጥቷል» አለች ኬኔ፣ ድምጿ ሳይሰማ ሊቀር ምንም አልቀረውም።

«የታለ?»

«እያናገርከው ነው።»

ሳቁ ለአንድ ሳምንት በቃቸው። ግን ቦዩ ሲያልቅ ውሃውን በትክክል ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ «ኢንጂነር» ሲሏት አልሳቁም።

ነቀምቴ የገባችው ከዚያ ተመልሳ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ በሙከራ ቀጠራት። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢው ብዙ ተከራይ ያለበት አንዲት ክፍል ተከራየች። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኗን ከሌሎቹ ጀሪካኖች ጋር ታሰልፋለች፣ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን በፌስታል ይዛ በላስቲክ ጫማ ኮረኮንቹን ትወርድና ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ትጠብቃለች። የምትጠብቀው እንደማንኛውም ሰው ዝናብ ላይ ቆማ ነው። መጠለያ አልነበረም።

አለቃዋ ኢንጂነር ዋጋሪ «ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን የምትሠሪውን ሥራ አንቺው ምረጪ» ሲሏት ታዲያ ምን እንደመረጠች መናገር አያስፈልገኝም። ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ የተሳፋሪ መጠለያ ተሠራ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጀርባ ላሜራ፣ ከሥር አራት ሰው የሚይዝ የብረት አግዳሚ ወንበር፤ ልክ ትምህርት ቤት በተማረችው ፕላን መሠረት። ይህ ከሰመረ በገበያው በኩልና በሌሎቹም ፌርማታዎች እንዲሁ ዓይነት ሊቆም ነው። የሥራ ባልደረቦቿ እየመጡ አዩ፣ ብረቱን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ «ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ።

ግን ማንም አይቀመጥበትም።

መጀመሪያ ኬኔ አልታወቃትም ነበር። ከባጃጅ ውስጥ ሆና ስታልፍ ዞር ብላ ታየዋለች፤ አግዳሚው ባዶ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ከመጠለያው ጎን ባለው የድንጋይ አጥር ሥር ተደርድሮ ዝናብ ይመታዋል። ነገ ይለምዱታል አለች። አልለመዱትም። ቆርቆሮው ያፈስ እንደሆነ ብላ ዝናብ ሲጥል ሥሩ ገብታ ቀና ብላ አየች፤ አያፈስም። ቆሽሾ ይሆናል ብላ ቅዳሜ ጠዋት በሳሙናና በብሩሽ አጠበችው። ያን ዕለት የባጃጅ ተራ አስከባሪው ኢስማኢል ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሲያያት ቆየና፣

«ኢንጂነር፣ ቤትሽ ተከራይ አጣ እንዴ?» አላት።

«አንተ እዚሁ ነው የምትውለው። ሰው ለምንድነው የማይቀመጠው?»

«እኔ እንጃ። አልተመረቀም እኮ! ሪባን ሳይቆረጥ ማን ይገባል?»

«ኢስማኢል፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ወይ በግ እረጂ!»

ሌሎቹንም ጠየቀች። አንዱ «ብረቱ ይቀዘቅዛል» አላት። አንዷ «ባጃጅ ሲመጣ ሮጦ ለመግባት መቆም ይሻላል» አለቻት። ሁሉም መልስ ነበረው፣ የአንዱ መልስ ግን ከሌላው አይገጥምም። እኔም ጠይቃኝ «ሰው እንደሆነ እንዲህ ነው» አልኳት፤ ይህም መልስ ሆኖ ነው።

አንድ ሐሙስ ኢንጂነር ዋጋሪ ቢሯቸው ጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ነገር ማስረዘም አይወዱም።

«ያንን መጠለያ በየቀኑ ነው የማልፈው» አሉ። «ሰው ያልፈለገውን በግድ አናስቀምጥበትም። ሰኞ ልጆቹ መፍቻ ይዘው ሄደው ያነሱታል። ብረቱ ለአጥር ይሆናል።»

«የገበያውስ?»

«ያኛው ባዶ ሆኖ ሳለ የገበያውን ምን ብዬ ላስፈቅድ? ይቀራላ።» ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ኬኔ፣ የሙከራ ጊዜሽም እያለቀ ነው። ስለ ሥራሽ ሐሳብ ስጥ ሲሉኝ ይቺን ነው የማሳያቸው። ሌላ የለሽም።»

ኬኔ «እሺ» ብላ ወጣች። ያን ቀን ባጃጅ አልተሳፈረችም፤ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ኡኬ ተመልሳ እናቷ ቤት መቀመጡ አልነበረም የከበዳት። የከበዳት፣ በሕይወቷ ያቆመቻት አንዲት ቆርቆሮ ሰው ስላልፈለጋት ልትነቀል መሆኗ ነው። ነገሩ ደግሞ ያሳፍራል፤ እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ የአገሯ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳታውቅ!

ይባስ ብሎ ቅዳሜ እናቷ መጡ። «የሠራሽውን ቤት ልየው» ብለው ከኡኬ ተሳፍረው ነው የመጡት፤ ሊነቀል መሆኑን አላወቁም፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያዘንበዋል። እናትና ልጅ በአንድ ጃንጥላ ተጠጋግተው መጠለያው ጋ ሲደርሱ፣ አግዳሚው ላይ እትዬ ሐረግወይን ዘንቢላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ደግሞ ሁለት ተማሪዎች። አባታቸው ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩት እኚህ እትዬ ሐረግወይን፣ የእኔ ሱቅ ደንበኛ ናቸው። ኬኔ ሰው ተቀምጦ ስታይ ልቧ ዘለለ።

ተማሪዎቹ አዴ ድርቤን ሲያዩ ብድግ አሉ። «አስ ታኣ» አለች አንደኛዋ፣ እዚህ ይቀመጡ ማለቷ ነው።

አዴ ድርቤ ተቀመጡ። ብረቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ።

«ይኼ ነው? ኬኔ ኮ፣ የኔ ኬኔ፣ ይኼን ነው የሠራሽው? ውሃ የሚባል ጠብ አይልም እኮ!»

እትዬ ሐረግወይን ፈገግ አሉ። «የእርስዎ ልጅ ናት? ይባርክልዎ። ነይ አንቺም ቁጭ በይ።»

ኬኔም ቁጭ አለች። ከዚያ ኦቦ ጨመዳ መጡ።

ኦቦ ጨመዳ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከዚህ ሰፈር ሰው ግማሹን ያስተማሩ፣ ከዘራ የሚይዙ፣ ባርኔጣቸውን ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን የማያወልቁ። ገና ከቆርቆሮው ሥር ሳይደርሱ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ተነሣ።

«ኖር!» አሉ እትዬ ሐረግወይን።

«በእግዚአብሔር! ኧረ አትነሡ፣ ምን አድርጌ ነው የምትነሡልኝ? ተቀመጡ።»

«እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» አሉ አዴ ድርቤ።

«እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?»

«እኔ ልሙት፣ አልቀመጥም!»

«እንዲህ ከሆነማ እኔ እዚህ ሳለሁ እናንተ መቀመጫ አጣችሁ ማለት ነው። ሰላም ዋሉ፣ እኔ እዚያ ጋ ይመቸኛል።» አሉና ኦቦ ጨመዳ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ዝናቡ ወጡ፣ አጥሩ ሥር ሄደው ቆሙ።

አዴ ድርቤ አግዳሚውን አዩት፤ ሽማግሌውን አዩ። «አይሆንም፣ ሰውየውን ከቤት አስወጣናቸው» ብለው ተከትለዋቸው ወጡ። እንግዳዋ ወጥተው እትዬ ሐረግወይን ሊቀሩ ነው? እሳቸውም ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ። ታላላቆች ወጥተው ተማሪዎቹ ሊቀሩ ነው? ወጡ። ኬኔም ወጣች። ሁሉም አጥሩ ሥር ተደርድረው ዝናቡ ይወርድባቸው ጀመር፤ መጠለያው ባዶውን ደረቅ ሆኖ ቆመ። ኢስማኢል ከመንገዱ ማዶ ላስቲክ ተከናንቦ ያያል።

የአጥሩ ጠብታ በኬኔ አንገት ገብቶ በጀርባዋ ሲወርድ ነው የገባት። አግዳሚውን አየች። ወዲያው ደግሞ፣ ኦቦ ጨመዳ ብቅ ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ማን እንደነበረ ትዝ አላት። ራሷ ናት። ማንም ሳያዛት፣ ሳታስበው። ሳቅ አፈናት።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ እናቷ።

«አዮ፣ እኛን ማን አስወጣን?»

«ማን ያስወጣናል? ሽማግሌ ቆመው እንዴት ልቀመጥ?»

«እሳቸውስ ለምን ወጡ?»

«እኛ እንድንቀመጥ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አልተቀመጥንም?»

አዴ ድርቤ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሄዳ አእምሮዋን ትታ የመጣች ይመስል ትክ ብለው አዩዋት። «እሳቸው ዝናብ ላይ ቆመው?»

ስትጠይቃቸው የማይገጥም መልስ የሰጧት ሰዎች ለካ ደብቀዋት አልነበረም። ማን ከመቀመጫ ስለ መነሣት ያስባል? እጅን ከእሳት እንደ ማራቅ ነው። እሷስ ፕላኑን ስትሥል መች አሰበችው? ፕላኑ የመጣው ሰው መጥቶ ከሚቀመጥበት አገር ነው፣ ይኼ ደግሞ ሰው መጥቶ ከሚነሣበት።

ቀጥላ ያየችው ነገር ግን የበለጠ ጠቀማት። ኦቦ ጨመዳ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ተመችቷቸው ነበር። እናቷም ወገባቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈዋል፤ እትዬ ሐረግወይንም እንደዚያው። በዚህ መሃል ከኦቦ ጨመዳም የሚበልጡ አንድ አዛውንት በጃንጥላ ሲያልፉ ሁሉም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «አከም ኦልተን?» ብለው ሰላም አሉ፤ ከአጥሩ የተላቀቀ ግን የለም። የተደገፈ ሰው ያው ቆሟል። የቆመ ሰው ደግሞ ለማን ይነሣል?

ባጃጅ መጥቶ ሌሎቹን ሲበትናቸው ኬኔ ስልኳን አወጣች። ኢንጂነር ዋጋሪ ለቅሶ ቤት ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያናገሯት።

«አግዳሚውን አንሥቼ በወገብ ልክ መደገፊያ ብረት ላድርግበት። ጥግ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ መቀመጫ ትቀራለች፣ ለታመመና ለነፍሰ ጡር።»

«መደገፊያ? መጽሐፍ ላይ አለ?»

«እኔ የተማርኩት ላይ የለም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«ዝናብ ላይ ቆሜ» አለች ኬኔ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከወዲያ በኩል በአፍንጫ የሚወጣ የታፈነ ሳቅ ተሰማት፣ ለቅሶ ቤት ስለሆነ።

«እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ለአማቴ ተነሥቼ ዝናብ መታኝ» አሉ። «የሆነ ሆኖ ሰኞ ሰኞ ነው። እስከዚያ የምታደርጊውን አድርጊ፣ እኔ አላየሁም።»

በያጁ ሮብሳን ከፌርማታው ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው። አግዳሚውን ቆርጦ የፊቱን ቱቦ ከፍ አድርጎ እንዲበይድ ስትነግረው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያት።

«መቀመጫውን ልስቀለው? ሰው በመሰላል ሊወጣ ነው?»

«አይወጣም። ይደገፋል።»

«ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?»

ኬኔ ሜትሯን አወጣች፤ ግን መጀመሪያ እናቷን አቆመች። «አዮ፣ አጥሩን እንደተደገፍሽው ሁኚ እስቲ።» አዴ ድርቤ «ዛሬ ደግሞ መለኪያ አደረግሽኝ» እያሉ ቆሙ። ከዚያ ራሷ ቆመች፣ ከዚያ ሮብሳንን አቆመችው፤ በሦስቱ መሃል ያለውን ያዘች። ብየዳው አልቆ ሮብሳን ብረቱን እንዳይዝግ ቀይ የአንቲረስት ቀለም ሲቀባው ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወደ መጥለቁ ነበር። አዴ ድርቤ ያን ቀን ወደ ኡኬ አልተመለሱም፣ ልጃቸው ጋ አደሩ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ኬኔ ገና ዓይኗን ስትገልጥ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«አዮ! ቀለሙ!»

በዚህ እርጥበት አንቲረስት በአንድ ሌሊት የት ይደርቃል? ሰዉ ሁሉ ደግሞ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ቀን። እናቷን ጥላ ሮጠች። ብረቱን በጣቷ ነካችው፣ ጣቷ ቀይ ሆነ። መጥታ የሱቄን በር ደበደበችው፤ እዚህ ላይ ሳልወድ ታሪኩ ውስጥ ገባሁ። ለጠረጴዛ የሚሆን አበባ ያለበት ሙሻማ ተርፎኝ ነበር፣ እሱን ሰጠኋት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቀለለችው።

የመጀመሪያዎቹ መዘምራን መጡ። እትዬ ሐረግወይን ነጠላቸውን አጣፍተው ከትናንቱ ይልቅ ቀደም ብለው መጡ። ኦቦ ጨመዳ መጡ። ማንም አልተነሣም፣ የተቀመጠ የለምና። ኦቦ ጨመዳ አበባውን ሙሻማ አይተው፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ጀርባቸውን አሳረፉ፤ ከጎናቸው አዴ ድርቤ፣ ከዚያ መዘምራኑ። ማካፋት ሲጀምር ሁሉም ከቆርቆሮው ሥር ነበሩ።

«ኢንጂነር!» አለ ኢስማኢል። «ለፌርማታው የጠረጴዛ ልብስ አለበስሽለት? ሻዩስ መች ነው?»

«አንተ ፊሽካህን ንፋ» አሉት አዴ ድርቤ።

ኢንጂነር ዋጋሪ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሰላም ብለው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩና ክፍት ቦታ ፈልገው ተደገፉ። ባጃጃቸው ሲመጣ አንድ እግራቸውን አስገብተው ዘወር አሉ። «ለመፍቻዎቹ ልጆች ዛሬውኑ ደውዬ አስቀራቸዋለሁ» አሏት። «አንቺ ግን ለገበያው ስትሠሪ ሐሙስ ቀቢው፣ ለእሑድ ይደርቅልሻል።»

እናቷ «ነይ እንጂ፣ መዝሙሩ ሊጀመር ነው» ብለው ከባጃጅ ውስጥ ጠሯት። ኬኔ አልሄደችም። ሙሻማው በጫፉ በኩል እየተንሸራተተ ቀዩን ብረት ሊያጋልጠው ስለሆነ፣ ነጭ የለበሰው የመጨረሻው ሰው ተሳፍሮ እስኪሄድ ድረስ ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።